እንዲህ አትምቱ

የካቲት 6

ወንድሜ፣

ሰላም ነህ? በስልክ ከምንጯጯህ እንጻጻፍ ያልከው ልክ ነው፤ ወረቀት ቢያንስ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ለጠየቅኸኝ መልሱ አዎ ነው፤ እማዬ አሁንም ትወጣለች። ከመድኃኒት ቤት ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ፣ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ብድግ ትልና ሹራቧን ደርባ ጓሮ ትሄዳለች። አባዬ የጎልፍ ኳሱን ይመታበት የነበረው መረብ እንደተሰቀለ ነው፣ ማውረድ አልሆነልኝም። የእንጨት ወንበሯን ወደ መረቡ አዙራ ትቀመጣለች። አባዬ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን መትቶ እስኪጨርስ እየጠበቀችው ነው። "እማዬ፣ ብርድ ነው፣ እንግባ" ስላት "ሳይጨርስ?" ትለኛለች። ጭቅጭቅ የለም፣ ልቅሶ የለም፣ ያቺው አንዲት ቃል ናት። ጎትቼ አስገባታለሁ፣ እራት ሳቀርብ ተመልሳ ወጥታለች። አንድ ቀን በሩን ቆለፍኩባት። እጀታውን ስትነቀንቅ አመሸች፣ እኔም ከበሩ ወዲያ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አመሸሁ። ሁለተኛ አልቆልፍም።

ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ደስ አላለውም። ሌላ ብርድ ከመታት ሳንባዋ አይችልም አለኝ። ማታ ማታ ዓይኑን የማይነቅልባት ሰው ያስፈልጋታል ብሎ የአረጋውያን መጦሪያውን ስልክ ሰጠኝ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ በሮቹ ከውጭ ይቆለፋሉ። ክፍሉን እስከ ግንቦት መጨረሻ ያቆዩልኛል። እስከዚያ ማታ ማታ ቤት መግባት ካልጀመረች እወስዳታለሁ። እኔም ሰው ነኝ፣ ደክሞኛል።

ስትደውልላት ልጇ መሆንህን ረስታ "የሊፍቱ ሰውዬ" ማለቷን ደግሞ በክፉ አትየው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ "ጨዋ ሰው ነው፣ ሁሌ ጤናዬን ይጠይቃል" ነው የምትለኝ። አንተስ ብትሆን አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ መቼ ሆነልህ? ከመጣህም ሻንጣህን ሳትፈታ ነው የምትመለሰው። በልጅነትህ ፌንጣ ብላ ስም ያወጣችልህ ያለ ነገር አልነበረም።

እህትህ


የካቲት 19

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። "ጨዋ ሰው ነው" የሚለውን አንብቤ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። በእናቱ አፍ ጨዋ ሰው ተብሎ የሚመሰገን ልጅ የት አለ? ደብዳቤሽን አጥፌ የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ መፍቻ ባወጣሁ ቁጥር ያየኛል።

ሥራ እንዴት ነው ብትይኝ፣ ሥራ ያው ነው። የሰው ልጅ ደረጃ መውጣት እስከጠላ ድረስ ሊፍት ጠጋኝ ሥራ አይፈታም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰሞኑን የጎልፍ ክበቡ ሊፍት ተበላሽቶ ተጠራሁ። ከላይኛው ፎቅ ሞተሩን ፈትቼ ሳለሁ በመስኮት ወደ ሣሩ አየሁ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። እግሮቹን ገጥሟል። ሳል ሳል አደረገው። ዱላውን አነሳና ከላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ ለምን እንዳነሳው የረሳ ይመስል። ከዚያ የግራ ተረከዙ ብድግ አለ፣ መታ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዞረ። እትዬ፣ አባዬ ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ጥዬ በደረጃው ወረድኩ፤ ሊፍቱን ራሴው ፈትቼው የለ።

ስደርስ ፀጉራቸው የነጣ አሠልጣኝ ናቸው። ዙሪያቸውን ለቆሙት ተማሪዎች "አያችሁ? እንዲህ አትምቱ" እያሉ ነው። "ይሄን ከማን ተማሩት?" አልኳቸው እያለከለክሁ። ገላመጡኝ። ድሮ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሲያስተምሩ አንድ የጥርስ ሐኪም ተማሪ ነበራቸው። "የሰው ጥርስ ሳያሳምም ይነቅላል ይባልለት ነበር፤ እኔን ግን በዚያ ዱላ አሰነዛዘሩ አሳምሞኛል" አሉ። "ያላደረግሁት የለም፣ አልታረመም። ከዚያ ወዲህ ተማሪ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማሳየው የእሱን ነው።" ልጁ ነኝ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አልሳቁም። "በል እንግዲህ አንተ እግርህን ገጥመህ አትቁም" አሉኝ።

እሳቸው ዘንድ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ፣ ገና በሆዴ ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 28

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ከኋላው የላክሃት፣ ጥያቄ ብቻ የሞላባት ቁራጭ ወረቀትም ደረሰችኝ። እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ? ዱላ መሰንዘርም አስተማሪ ተገኘለት። እኔ እዚህ እናትህን ክንዷን ይዤ ስጎትት አንተ ሣር ላይ ቆመህ ወገብህን ታዞራለህ። አባዬ መትቶ ሲዞር ምን ይል ነበር፣ እማዬ በየት በኩል ትቀመጥ ነበር፣ ይሄ ሁሉ ለምንህ ነው? ናፍቆት ከሆነ ፎቶው አለህ።

እማዬ ደህና ናት። ደህና ናት ስልህ ደህና ናት ማለቴ አይደለም፣ ሌላ የምጽፈው ስላጣሁ ነው። ትናንት ሳል ጀምሯት ሽሮፕ ሰጠኋት፣ ማንኪያውን እንደያዘች ወጣች። ስደርስባት ማንኪያውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መረቡን ታያለች።

ልትረዳኝ ከፈለግህ መጥተህ ተቀመጥ። ካልሆነ ጥያቄህን ለአሠልጣኝህ አቅርብ።

እህትህ


መጋቢት 8

እትዬ፣

ስትናደጂ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ ይሄን ነግሬሽ አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ። በሆዴ ይዤ የቆየሁት እንደ ሞኝ እንዳታዪኝ ፈርቼ ነው። አሁን ልንገርሽ፣ ከፈለግሽ ሳቂብኝ።

እማዬ የምትጠብቀው አባዬ መትቶ እስኪጨርስ ነው አልሽኝ። እንግዲያስ ይጨርስላት። እሱ ይመታ እንደነበረው መምታት ልማርና መጥቼ ማታ መረቡ ፊት ልቁም። ያንኑ ሳል ልሳል፣ ያንኑ ተረከዝ ላንሳ። ዓይኗ ደክሟል፣ ብርሃኑም በዚያ ሰዓት ደብዘዝ ይላል። የመጨረሻዋን ኳስ መትቼ "በቃ፣ እንግባ" ልበላት። ብትገባስ? አንድ ማታ ከገባች ቀጣዩ ይቀላል።

አሠልጣኙ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ጭራሽ ተቆጡ። "ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ የሚመጣው የተበላሸውን ላስተካክልለት ነው። አንተ ጤነኛውን እንዳበላሽልህ ትጠይቀኛለህ? ማሳየት አሳያለሁ፣ ማስተማር ግን አላስተምርም፤ ሙያዬ ነው" አሉኝ። ስለ እማዬ ነገርኳቸው፣ ስለ ወንበሯ፣ ስለ መጦሪያው፣ ስለ ግንቦት። የዱላውን ጫፍ በፎጣ ሲወለውሉ ቆዩ፤ ቀድሞም የተወለወለ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው "ወንበሯ በየት በኩል ነበር?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። "ሂድና ጠይቅ" አሉ። ያቺ ያናደደችሽ ቁራጭ ወረቀት የመጣችው ከዚያ ነው።

እትዬ፣ እኔን ባታውቀኝም ግድ የለም። አባዬንም ሆኜ ቢሆን ከብርድ ላስገባት።

ወንድምሽ


መጋቢት 17

ወንድሜ፣

አልሳቅሁም። ደብዳቤህን መድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነበር ያነበብኩት። አንድ ደንበኛ "ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?" ሲለኝ አቧራ ገብቶብኝ ነው አልኩት። የጻፍኩብህን ሁሉ እንዳልጻፍኩ ቁጠርልኝ፤ የእጅ ጽሑፉን ግን ከወደድከው አስቀምጠው።

እሺ፣ ወንበሯ ከጀርባው ነበር፣ ትንሽ ወደ ግራ። ኳሱን ለመምታት ሲዘጋጅ ፈጽሞ አትታየውም። እሷ ደግሞ ታወራለች። ስለ ጎረቤት፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ስለ አንተ ጫማ፣ አፏ አያርፍም። እሱ መትቶ ይዞርና "አየሽው?" ይላታል። "አላየሁም፣ ድገመው" ትለዋለች። አይታ ነው እኮ። ሳቋን በሹራቧ ጫፍ ትሸፍናለች። እንዲህ ሲባባሉ ይመሽና በመጨረሻ "እሺ አየሁ፣ አየሁ" ስትለው "በቃ፣ እንግባ" ይላል። እሱ ዱላውን፣ እሷ ወንበሩን ይዘው ይገባሉ።

ይሄንን ግን ከእኔ ይበልጥ አንተ ልታውቀው በተገባ። የወለል መወልወያውን እንጨት ይዘህ ከኋላው ቆመህ እያስመሰልክ ስትቀልድበት ያደግህ አንተ አይደለህ?

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ተሳካልህ እንበል። በማግስቱስ? አንተ ወደ ሊፍትህ ስትመለስ እኔ አባዬን የት አገኘዋለሁ? ደግሞስ እናታችንን ማታለል አይሆንም ወይ? አስብበትና ጻፍልኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 5

እትዬ፣

መልስሽን ለአሠልጣኙ አነበብኩላቸው። "ከጀርባው" የሚለው ላይ አስቆሙኝና ድገመው አሉኝ። ሣሩ ላይ ሄደው ቆሙ፣ ባዶ የኳስ ቅርጫት ከኋላቸው አስቀመጡ፣ ቅርጫቱን እማዬ አደረጓት። መቱና ዞሩ፣ ተረከዛቸው ብድግ አለ። ደግመው መቱ። ከዚያ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ነኝ ደደቡ" አሉ፣ "ተረከዙን ስወቅስ ኖርኩ። ሰውዬው ገና ሳይጨርስ የሚዞረው ሚስቱን ለማየት ቸኩሎ ነው።"

"ከላይ ሲደርስ የሚቆመውስ?" አልኳቸው።

"ታወራ ነበር አላለችህም እህትህ? ዝም እስክትል ነዋ የሚጠብቀው። ዝም ካለች እያየችው ነው።"

በዚያን ቀን ሌላ አላስተማሩኝም። ከዚያ ወዲህም ለተማሪዎቻቸው "እንዲህ አትምቱ" ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

እኔን ግን አስቸግሮኛል። ሳሉን ለምጄዋለሁ፣ ተረከዙም ይታዘዝልኛል፣ መቆሙ ነው እምቢ ያለኝ። ዱላው ከላይ ሳይደርስ እጄ ይወርዳል። "ምን ያስቸኩልሃል?" ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? የኖርኩት ቆሞ የቀረ ነገር ሳስኬድ ነው፣ መቆም ማን አስተማረኝ? ተኝቼም ትከሻዬ ይዞራል፣ አልጋው ይጮኻል፣ የታችኛው ቤት ሰው ኮርኒሱን ይደበድባል። ሥራ ላይ በመፍቻ ስለማመድ ጓደኞቼ አይተውኝ ስሜ "ሻምፒዮን" ሆኖ ቀርቷል።

ማታለል ነው ወይ ላልሽው፣ አላውቅም። ስለ ማግስቱም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ፌንጣ ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ አሁን የሚጠራኝ የለም። ይሄንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ስልክ በዘጋሁ ቁጥር ግን ያመኛል። እሱ ይቅርብኝ። ብርድ ላይ መቀመጧን ግን ዝም ብዬ አላይም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 17

ወንድሜ፣

ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን እየተሻላት ነው። የእጅ ጽሑፌ ከተበላሸብህ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየጻፍኩ ስለሆነ ነው።

በሌላ ቁራጭ ወረቀት የጠየቅኸኝን በተራ ልመልስ። መረቡ አንድ ቦታ ተቀዶ ነበር፣ ሰፍቼዋለሁ። ዱላው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ኳሶቹ በአሮጌው ባልዲ አሉ። የሚስለው ዱላውን ከማንሳቱ በፊት ነው፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛዋ አጠር ትላለች።

ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? "ያ የሊፍቱ ሰውዬ ዘንድሮ ጠፋ፣ ታሞ ይሆን?" ስለዚህ ደውልላት እንጂ። ልምምድ ላይ ነኝ ብለህ ሰውን አትርሳ።

እህትህ


ግንቦት 4

ወንድሜ፣

"ለምን ጉልበትሽ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ጠፋ?" ብለህ ጠየቅኸኝ። አንተን መደበቅ ድሮም አይሆንልኝም። ሆስፒታል ነበርን። ጉንፋን ያልኩህ ጉንፋን አልነበረም። ይቅርታ አድርግልኝ፤ እዚያ ሆነህ ከምትናጥ ብዬ ነው። አሁን ተርፋለች፣ ድምጿ ግን ቀጥኗል። ቤት በገባንበት ዕለት ማታ፣ እጇ ላይ ያለው ፕላስተር ሳይነሳ፣ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አልጎተትኳትም፣ ብርድ ልብስ አልብሼ አብሬያት ተቀመጥኩ።

መጦሪያው ደውሎ ነበር። ክፍሉን ቀለም ሊቀቡት ነውና ምን ዓይነት ቀለም ትወዳለች ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ አላውቅም። ነገ እነግራችኋለሁ አልኳቸው።

መቆሙ ገና አልሆነልኝም ያልከውን ተወው፣ እንደሆነልህ ና። የአባዬን ግራጫ ሹራብ አውጥቼ አናፍሼዋለሁ። ዝናቡ ሳይገባ ና።

እህትህ


ግንቦት 15

እትዬ፣

በመጣሁበት ማታ ሳልሰናበትሽ በመውጣቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። "ምን ሆነህ ነው እንደ ሌባ የወጣኸው?" ብለሻል። ምን ሆንኩ ልበልሽ?

አንቺ ኩሽና ሆነሽ ያየሽውን አላውቅም፣ እኔ ያየሁት ይሄ ነው። ሹራቡን ለበስኩ፣ እግሬን ገጠምኩ፣ ሳልኩ። እማዬ ከኋላዬ ስለ ቧንቧው ታወራ ነበር። ዱላውን አነሳሁና ቆምኩ። እትዬ፣ ቆምኩ፤ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም። ዝም እስክትል ጠበቅሁ፣ ዝም አለች፣ መታሁ። ኳሱ መረቡ ላይ አረፈ። ዞሬ "አየሽው?" አልኳት። ሳቀች፣ ተሳካልኝ አልኩ። ከዚያ እጇን አወናጨፈችና "ዱላውን መልሰው፣ አባትህ ሳይመጣ መልሰው" አለችኝ። ከወንበሯም ንቅንቅ አላለችም።

አባዬን ሆኜ መጣሁ፣ አባዬን እየጠበቀች ትቻት ሄድኩ። ዱላውን ሣሩ ላይ ጣልኩና በጓሮ በር ወጣሁ። ፊትሽን ማየት አቃተኝ፣ መጀመሪያ ባገኘሁት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለአሠልጣኙ ስነግራቸው እጄን ጨብጠው ለቀቁኝ። ትምህርቱንም ትቻለሁ።

መጦሪያ ውሰጃት። አልወቅስሽም፣ ማንም እንዲወቅስሽ አልፈቅድም። ነጭ አንሶላ ከብርድ ይሻላል።

ወንድምሽ


ግንቦት 21

ወንድሜ፣

አንተ ሰው፣ ትንሽ ሰከን ብትል ኖሮ ይሄን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ። ዱላውን ይዘህ ቆምክ፣ ጎበዝ ነህ፤ ጥለኸው ግን ምነው መቆም አቃተህ?

ያለችህን ደግመህ አንብበው፣ ራስህ ነህ የጻፍከው። "አባትህ" ነው ያለችህ። የማን አባት? የሊፍቱ ሰውዬ አባት? የመወልወያውን እንጨት ይዘህ ከአባዬ ኋላ ስትቀልድ እንዲሁ ነበር የምትልህ፣ መልሰው አባትህ ሳያይህ እያለች፣ አፏን በሹራቧ ጫፍ ሸፍና እየሳቀች። የኩሽናው መስኮት ጋ ቆሜ ነበር፣ በጆሮዬ ሰምቼ ማመን አቃተኝ። የአባዬን ሹራብ ለብሰህ፣ የአባዬን ሳል ስለህ፣ እሷ ልጇን አየች።

አንተ ከወጣህ በኋላ ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ? ተነሳች። ዱላውን ከሣሩ ላይ አንስታ በቀሚሷ ጠረገችውና ራሷ ይዛው ገባች። ማንም አልጎተታትም። በሩ ጀርባ ደበቀችው፣ እጇን ታጠበች፣ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አለች። "ፌንጣ ራቱን ሳይበላ የት ሄደ?" አለችኝ። ታውቂው የለ፣ መጣ ሄደ አልኳት። "አርፎ አይቀመጥም" አለች ራሷን እየነቀነቀች። ከዚያ በላች፣ ድስቱ ውስጥ ላንተ እንዳስቀርልህም አዘዘችኝ። አስቀረሁ፤ በማግስቱ ሳሞቀው ነው ያለቀስኩት።

አልዋሽህም፣ ማታ ማታ መውጣቷን አልተወችም። ወንበሩን ግን አዙራዋለች። ጀርባዋን ለመረቡ ሰጥታ በሩን ነው የምታየው። "እንግባ" ስላት "ሳይመጣ?" ትለኛለች። ማን ነው የሚመጣው አልኳት። በዚያው በልጅነት ስምህ ነገረችኝ።

ለመጦሪያው ደውዬ ክፍሉን ለሌላ ስጡት አልኳቸው። ሳልጠይቅህ ነው፣ ታውቀኛለህ። በከተማችን ያሉት ሊፍቶች ጥቂት ናቸው፣ ከእነሱም የሚሠራ የለም፤ ሥራ አትፈታም። አሠልጣኝህንም ሰላም በልልኝ፣ ተረከዙን በሚገባ አስተምረውሃል።

ዓመት ሙሉ አባዬን ከየት ላምጣላት እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አንተን ግን አውቶቡስ ያመጣሃል።

እህትህ